የጠሪው ኩርባ

ጣሰው በአሥራ ሰባት ዓመቱ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን በተገለበጠ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ፣ የመንገደኛ እግር ሲሸሸው አይቷል።

የዛሬ አርባ ዓመት ግድም ነው። ረዳት ነበር። ቡና ጭነው ከዋጫ ወደ ቦንጋ ሲመጡ ዝናብ ያራሰው የመንገድ ጠርዝ ተደረመሰ፤ መኪናው ሁለት ጊዜ ተገለባብጦ አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ተደግፎ ቆመ። ሾፌሩ እዚያው አረፈ። የጣሰው ቀኝ እግር ግን በጭነቱ መከለያ ብረትና በመሬቱ መካከል ተቀርቅሮ ቀረ። ሲነጋ ከበላዩ ባለው የእግር መንገድ ሰዎች ሲያልፉ ሰማ። በቅጠሉ መሀል እግራቸው ይታየው ነበር። “ኧረ የሰው ያለህ” ብሎ ተጣራ። እግሮቹ ቀጥ አሉ። ከዚያም ሮጡ። ከእነሱ በኋላ የመጡትም እንዲሁ።

ክፉዎች ሆነው አይደለም። በዚያ በኩል የሚኖር ሰው፣ ባለቤቱ የማይታይ ድምፅ ከጫካ ሲጠራው ሦስት ጊዜ ካልደገመ “አቤት” አይልም። ሰው ያልሆነ ነገር ሦስተኛውን አይጠራም ይባላል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው አቤት ያለ ድምፁን ይወሰዳል፤ ያም ነገር በተወሰደው ድምፅ ሌላ ሰው ሲጠራበት ይኖራል። ይህን ልጅ ሁሉ ከጡት ጋር ነው የሚጠባው። ጣሰውም ስለሚያውቀው ሦስት ጊዜ ለመጣራት ይታገል ነበር፤ ሰዎቹ ግን ሦስተኛውን ቆመው የሚሰሙበት አንጀት አልነበራቸውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አበዛሽ የሚባሉ አሮጊት የእንሰት ቅጠል ተሸክመው መጡ። የመጀመሪያውን ሰምተው ቆሙ። ሁለተኛውን ሰምተው ሸክማቸውን አወረዱ። ሦስተኛው እምቢ አለ። የጣሰው ጉሮሮ ደርቆ፣ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ ነበር።

“አንድ ይቀርሃል” አሉ አሮጊቷ ወደ ጫካው እየተመለከቱ። “ሰው ከሆንክ ጨርሰውና ልውረድ።”

እንደ ድመት ግልገል ያለ ድምፅ ወጣው።

“አቤት” አሉ አበዛሽ፤ ቁልቁልም ወረዱ።

አሮጊቷ በጠሯቸው ሰዎች ተጎትቶ ወጣ፤ እግሩም ተረፈ፤ ከጉልበቱ በታች ግን ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘዋል። ከዚያ ወዲያ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ ጠላና ከመኪና ሥር መግባትን ሥራ አድርጎ ያዘ። “ከሥሩ ጎትተው ያወጡት ሰው ተመልሶ ሥሩ ይገባል?” እያሉ የሚስቁበት ነበሩ። “ሾፌር ከላይ ሆኖ መንገዱን ያያል፤ መኪና ግን የሚያወራው ከሥር ነው” ይላቸዋል። ቦንጋ ከገበያው ዝቅ ብሎ ጋራዥ ከፈተ፤ አልጣሽን አገባ፤ አረጀ። የሞተር ሕመም ሲያጠራጥረው የካቻቪቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። መኪና ገደል ገባ ሲባል ካቦ የሚሉትን የብረት ገመድና ማንሻ ክሪክ ይዞ የሚሄደውም እሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ትሕትና የምትባል የቦንጋ ልጅ አንድ ነጭ ቫን ይዛ መጣች። ጎብኚዎችን ወደ ጫካና ወደ ቀርከሃው አገር እየወሰደች ድንኳን የምታሳድር፣ ወንዶቹ አስጎብኚዎች የሚፈሯት ልጅ ናት። ቫኗ ናፍጣ የምትጠጣ፣ አራቱም ጎማ የሚስብላት፣ ዕድሜ የጠገበች ነበረች።

“ጋሽ ጣሰው፣ ይህቺን ዝሆን ያድርጉልኝ” አለችው።

“ዝሆን ሣር ይበላል። ምን እንድትሠራልሽ ነው?”

“ተሳቢ እየጎተተች ጭቃ እንድታልፍ። ሰው እንድታሳድር። ገደል አፍ ብትደርስም እንድትመለስ።”

“የመጨረሻውን የሚሠራው ሾፌሩ ነው” አላት። “ሌላውን እኔ እሠራልሻለሁ።”

ሁለት ወር ፈጀበት። ጭነቱን የሚሸከመውን የኋላ ባሌስትራ ቅጠል ጨምሮ አጠነከረው፤ ቫኗን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አደረጋት። ጥርሱ የጎላ ሰፊ ጎማ አገባላት። ሞተሩ አየር የሚስብበትን ቱቦ፣ ወንዝ ስትሻገር ውኃ እንዳትጠጣ፣ በጎኗ አውጥቶ እስከ ጣሪያዋ አደረሰው። የተሳቢውን መንጠቆ ሌሎች እንደሚያደርጉት ላሜራው ላይ አልበየደውም፤ ወፍራም ብረት ቆርጦ ከመኪናዋ አጥንት፣ ከሁለቱ የሻንሲ እግሮች ጋር በብሎን አሰረው። “ብየዳ ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ይከዳሻል። ብሎን ግን ሲላላ ይንኳኳል፤ ይነግርሻል” አላት። ከፊት በባትሪ የሚዞር ዊንች ተከለላት፤ ካቦውን ስቦ የሚጠቀልል ማሽን ነው። ከውስጥ ሲዘረጋ አልጋ፣ ሲታጠፍ ወንበር የሚሆን ጠንካራ ሳንቃ ገጠመ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መብራትም በከተማው ጠፍቶ ሳለ፣ የመንጠቆውን ብሎኖች ለመፈተሽ ከሥሯ ገባ። ካቻቪቴውን ሻንሲው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ያን ዕለት ማታ ለአልጣሽ ነገራት።

“ሞተሩ ጠፍቶ?” አለች።

“ጠፍቶ።”

“ምን ይላል?”

“ቃል አይደለም። ሰው ከሩቅ ሲጣራ ቃሉ ሳይደርስ ድምፁ ብቻ እንደሚደርሰው ነው።”

አልጣሽ አየት አደረገችው። “ጆሮህን ታጠብ” አለችው።

በሳምንቱ ቫኗን ለመፈተን ወጡ፤ ትሕትና መሪው ላይ፣ ጣሰው ከጎኗ። ተሳቢው ላይ አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ጭነው በጠጠሩ መንገድ ወደ ደካ አቀኑ። ቫኗ ዳገቱን እንደ በሬ አንገቷን ደፍታ ወጣችው። ትሕትና ደስ ብሏት ታፏጭ ነበር። ቀትር ሲሆን ጉሙ ወረደ። መጀመሪያ ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ቆረጣቸው፤ ቀጥሎ ከአፍንጫቸው ፊት ያለውን መንገድ ብቻ ተወላቸው።

ከፊታቸው ያለውን ኩርባ ሾፌሮች የጠሪው ኩርባ ይሉታል። ጭፍን ኩርባ ነው፤ በአንድ ወገን ግንብ የመሰለ አፈር፣ በሌላው ወገን ገደል። እንዲህ ያለ ቦታ የትም አገር ጥሩንባ ይነፋበታል። እዚያ ግን የሚነፋ የለም። ጥሩንባ መንፋት ለጠሪው አቤት ማለት ነው ብለው ያምናሉና ሁሉም ትንፋሹን ውጦ፣ ቀስ ብሎ፣ በዝምታ ነው የሚዞረው። ሁለት ዝምተኞች የተገናኙ ዕለት ምን እንደሚሆን ማንም አንስቶ አያወራም።

ትሕትናም ሳትነፋ ዞረች። ኩርባው መሀል ላይ ጣሰው ከኋላ ኳ ኳ የሚል ነገር ሰማ።

“አቁሚ። አጥፊው። ብሎን ነው።”

ሞተሩ ሲጠፋ ዝምታው እንደ ውኃ ገባባቸው። ወፍ የለም፤ የዝንጀሮ ጩኸት የለም። ወርዶ መንጠቆውን ዳሰሰ፤ ብሎኖቹ ሁሉ ጠብቀው ነበር። አንዱም አልላላም።

ያን ጊዜ ከገደሉ በኩል፣ ከታች፣ ጥርት ብሎ ተጠራ።

“ጣሰው።”

ትሕትና በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። “ሰሙ? ጋሽ እንኳ ሳይል። ይሄ ባለጌ ማነው?”

ልትስቅ ብላ ነበር፤ የጣሰውን ፊት ስታይ ተወችው። እሱም ያስተዋለው ይህንኑ፣ ጋሽ አለመባሉን ነበር። ከሃያ ዓመት ወዲህ በቦንጋም ሆነ በሌላ ቦታ ከገዛ ሚስቱ በቀር ጣሰው ብቻ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ጋሽ ጣሰው ነው፤ ለሹሙም ለባጃጅ ነጂውም። ይህ ድምፅ ግን የሚያውቀው፣ ከእሱ የሚበልጥ፣ ዕቃ አምጣ ብሎ ልኮት እየጠበቀ ያለ ሰው ድምፅ ነበር።

“ጣሰው።”

“ሁለት” አለች ትሕትና በሹክሹክታ። የጎብኚ ቋንቋ የምታውቀውና በኮምፒዩተር የምትሠራው ልጅ በጣቷ ትቆጥር ነበር። “ጋሽ ጣሰው፣ አቤት እንዳይሉ። ሦስተኛውን እንስማ።”

ጠበቁ። ጉሙ በገደሉ አፍ እየተጠቀለለ ያልፋል። ጠበቁ። የቫኗ ሞተር እየቀዘቀዘ ጢቅ ጢቅ ይላል። ሦስተኛው አልመጣም።

“እንሂድ” አለች። “አልደገመም፤ ሰው አይደለም። ይግቡ።”

ጣሰው አንድ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ። ከታች ያለው ሰው ካልሆነ የሚወርደው ወደ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰው ከሆነስ? ሦስተኛው ያጠረው ሰው ምን እንደሚመስል በቦንጋ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። አበዛሽ ጠብቀውታል፤ እሱም ከሞት አፍ አንዲት ጩኸት ተርፋው ነበር። ሁሉም አንዲት ትተርፈዋለች ያለው ማነው?

“ካቦውን ልቀቂ” አላት።

“ጋሽ ጣሰው—”

“ወገቤ ላይ አስረዋለሁ። በእግሬ ነው የምወርደው፤ ካቦው እንዳልንሸራተት ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ስነቀንቀው ማሽኑን ወደ ኋላ፣ ቀስ አድርገሽ። እንደ ሕፃን።”

“ይቺን ቁልፍ እኮ ነክቼያት አላውቅም።”

“ዛሬ ትነኪያታለሽ።”

“አንዳች ነገር ይዞ ቢስብዎትስ?”

“እኔ ከባድ ነኝ፤ አይችለኝም” አላት። ካቦውንም ወገቡ ላይ ቋጠረ።

ከጠርዙ ሳይወርድ ገደሉን ፊት ለፊት ተመልክቶ፣ ከፍ አድርጎ “አቤት” አለ። በሁለተኛው። ትሕትና ዓይኗን ጨፈነች።

መልስ አልመጣም። ወረደ። ሣሩ የረጠበ፣ አፈሩ የሚከዳ ነበር። ወደ ታች በሄደ ቁጥር ጉሙ ሳይሆን ብርዱ ይወፍራል። ካቦው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የተሰበረ ቁጥቋጦ አየ፤ ከዚያ የሞተር ብስክሌት ጎማ፤ ከዚያ እጅ።

ወጣት ሰው ነበር። ሞተሩ ጭኑ ላይ ተኝቶበታል። መንጋጋው ተሰብሮ ፊቱ አንድ ወገን ሄዷል፤ አፉ እስከ ጉሮሮው ጭቃ ሞልቶታል። ጣሰው በጣቱ ጭቃውን ሲያወጣለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲር የሚል ትንፋሽ የሰማው። በዚያ አፍ ማንም ማንንም ሊጠራ አይችልም ነበር። ጣሰው ይህን ያን ጊዜውኑ አውቆታል። ወደ ታች ግን አልተመለከተም። ካቦውን ከወገቡ ፈትቶ ሞተሩ ላይ አሰረና ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ካቦው ተወጠረ፤ ሞተሩ ከልጁ ላይ ተነሥቶ ወደ ላይ ተሳበ።

ቀጥሎ ትሕትና፣ ጣሰው ከታች ጮኾ ሲነግራት፣ የአልጋውን ሳንቃ ነቅላ በካቦው ላከችለት። ጣሰው ልጁን በሳንቃው ላይ አስሮ ከሥር በትከሻው እየደገፈ፣ ዊንቹ ስንዝር በስንዝር ሳባቸው። ትሕትና ታለቅስ ነበር፤ እጇ ግን ከቁልፏ አልተነሣም። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ጣሰው የቆመበት አፈር ከእግሩ ሥር ሄደ፤ እሱ ሳንቃውን ጨብጦ ተረፈ፤ አፈሩ ቁልቁል ሲወርድ ብዙ ቆየ፤ ሲያርፍ ድምፅ አልሰሙም። ተሳቢውን ፈትተው እዚያው ጣሉትና ወደ ቦንጋ ሆስፒታል ከነፉ።

ልጁ ኢሳያስ ይባላል፤ መምህር ነው። ባለፈው ቀን አመሻሽ ላይ ኩርባውን ሲዞር፣ ከወዲያ በኩል ጥሩንባ ያልነፋ ጭነት መኪና መጥቶበት ነው የወደቀው። እሱም አልነፋም ነበር። አፉ ተጠግኖ እስኪናገር ብዙ ሳምንት ፈጀ። ጣሰው ሊጠይቀው ሲሄድ በደብተር ላይ ጽፎ አሳየው።

“ጋሽ ጣሰው፣ እኔ አልጠራሁዎትም። ስምዎንም አላውቅም ነበር። ጠሪውን ግን ሰምቼዋለሁ። ከእኔ በታች ነበር።”

ጣሰው አንብቦ ደብተሩን መለሰለት።

በበጋ ፀሐይ በጠራ ቀን ከሦስት ጎልማሶች ጋር ተመልሶ፣ በዚያችው ቫን፣ ልጁ ከነበረበት በታች ወረደ። እርጥብ ድንጋይ፣ ቀጭን ውኃ፣ ሌላ ምንም። የሰው እግር የረገጠው ሣር እንኳ አልነበረም። ሲወጣ መሪውን ከትሕትና ተቀብሎ ኩርባው ላይ ጥሩንባውን ረዥም አድርጎ ነፋ። ጎልማሶቹ ጆሮአቸውን ያዙ። አሁን አሁን አንዳንድ የሚኒባስ ሾፌሮች እዚያ ይነፋሉ፤ ሌሎቹ እንደ ድሮው ናቸው።

አልጣሽ አንድ ቀን “ጋሽ ሳይል የሚጠራህ ማን ቀረ?” ብላ ጠይቃው ነበር።

“ብዙ ናቸው” አላት። “ሁሉም ከአፈር በታች።”

ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችውም። ሌላው ግን ይጠይቀዋል፤ ጋራዡ ድረስ እየመጣ። በቅርቡ አንድ ሰው ወንበር ስቦ ጠሪው ማን ይመስልዎታል ቢለው፣ ጣሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንዲህ አለው፦

“ሰው ሁሉ ማን ጠራህ ይለኛል። እኔ አላውቅም፤ ላውቅም አልፈልግም። ልጁስ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም። ልጁ ወደ ክፍሉ ተመልሷል፤ በግራ እግሩ ያነክሳል፤ ሲናገር አፉ ትንሽ ይጣመማል፤ ተማሪዎቹም ያሾፉበታል አሉ። በዕድሜዬ ብዙ መኪና አውጥቻለሁ፤ አብዛኛው ዛሬ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ዋናው ነገር እሱ ነው፤ ጠዋት ተነሥቶ ጠመኔ ይዞ መቆሙ።”