ሁለት አለቆች፣ አንድ ጥማድ በሬ

ከክፍሌ በር ጀርባ አንድ የገና ዱላ ቆሟል። የወይራ ነው፤ ቆልማማው ጫፉ ሩር የምትባለውን የእንጨት ኳስ ከመምታት ብዛት ተልጦ ጠቁሯል። የአጎቴ የእሸቱ ነበር። ደሴ ውስጥ ቤት በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ የማስገባው እሱን ስለሆነ አከራዮቼ ለሌባ ያዘጋጀሁት ይመስላቸዋል። አፍንጫዬን ሳስጠጋው ዛሬም የቅቤና የጭስ ሽታ ያለው ይመስለኛል። አጎቴ የገና በዓል ሲደርስ ዱላውን ቅቤ እየቀባ ምድጃ ላይ ያጥነው ነበር።

ልጅ እያለሁ መካነ ሰላምና ወግዲ በየዓመቱ ሦስት ጊዜ ይገጥሙ ነበር። የመጀመሪያው በገና፣ ሁለተኛው በጥምቀት፣ ሦስተኛው በአስተርዮ ማርያም ነው። ሜዳው ከሁለቱ መሀል ነበር፤ በአንዱ ጫፍ የእኛ የድንበር ድንጋይ፣ በሌላው የእነሱ። ሩሯን ከባላጋራው ድንጋይ ያሳለፈ አገባ ይባላል። ከሦስቱ ሁለቱን ጨዋታ ያሸነፈ አገር ዓመቱን ሙሉ ገበያ ውስጥ እየተንጎራደደ ይሄዳል።

አንድ ጠንካራ ደንብ ነበረ። ሰው የሚጫወተው ለሚኖርበት ሳይሆን እትብቱ ለተቀበረበት አገር ነው። አባቴ ይመር የወግዲ ልጅ ነው፤ እናቴን አግብቶ መካነ ሰላም ዳር ጎጆ ከወጣ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም ለወግዲ ይጫወታል፤ አለቃቸውም እሱ ነበር። የእኛ አለቃ ደግሞ የእናቴ ወንድም፣ ጎረቤታችን እሸቱ ነው። የጨዋታው ቀን ጠዋት ሁለቱ ከአንድ ገበታ ቁርስ በልተው፣ አንዱ በፊት በር አንዱ በጓሮ ይወጣሉ። እናቴም መሀል ቆማ፣ “ዛሬ እልል የምለው ለየትኛችሁ ነው?” ትላለች። “ለወንዱ” ይላሉ ሁለቱም።

እኔ እትብቴ መካነ ሰላም ነው። ሴት ልጅ ዱላ አትይዝም፤ ግጥም ግን እሰጥ ነበር። የእኛ ወገን ግጥም አውራጅ አያ ሰይድ የሚባል ጨው ነጋዴ ነበር። ሙስሊም ሆኖ በገና ለምን ይዘፍናል ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም። ጉሮሮው ተራራ ያሻግራል፤ ግጥም መግጠም ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ “ሙሉዬ፣ ስንቄን ስጪኝ” ይለኛል። አንድ የማልረሳው ዓመት የገናውን ጨዋታ እኛ አሸነፍን፤ የሰጠሁት ስንቅ ይኸው፦

የወግዲ ጎበዞች ሩሯ ጠፋችባቸው፣
ጥላቸውን መቱ ፀሐይ አታሏቸው።

በጥምቀት እነሱ አሸነፉና መለሱልን፦

መካነ ሰላም ላይ ምን ሰላም አለና፣
አማች ለአማች ቆሞ ሲማዘዝ በገና።

አባቴ ያንን ግጥም ማታ እራት ላይ ደጋግሞ አንጎራጎረው። አጎቴ መጉረሱን ቀጠለ። በገና ሜዳ የተዘፈነ ስድብ ቤት ገብቶ ጠብ አይሆንም።

ቀሪው አስተርዮ ነበር። ዓመቱ ግን ደህና ዓመት አልነበረም። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል፤ ከምሥራቅ በኩል ልጅ አዝለው የሚመጡ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ አጥርና በመስጊዱ ጥላ ሥር ተቀምጠው እናያቸው ነበር። ልጆቻቸው አይሮጡም። እኛም ቤት ከሁለት በሬ አንዱ ሞቶ ዳማ ብቻውን ቀርቷል። አጎቴም እንደዚሁ አንድ በሬ ብቻ ቀረው። ስለዚህ መቀናጆ ገቡ፤ የአባቴን ዳማና የአጎቴን ቦራ አንድ ቀንበር ላይ ጠምደው በየተራ የሁለቱን መሬት ሊያርሱ ተስማሙ። የሁለት ቤት ክረምት በሁለት በሬ ጫንቃ ላይ ነበር።

ችግሩ ይኸው ነው። በሦስተኛው ጨዋታ የተሸነፈው ወገን አለቃ ሰንጋውን አርዶ ያሸነፈውን አገር ያበላል። ወግዲ ከተሸነፈ ዳማ ይታረዳል፤ መካነ ሰላም ከተሸነፈ ቦራ። ማንም ያሸንፍ ማን ቀንበሩ በአንድ በኩል ባዶ ይሆናል።

ይህን እናቴ ታውቃለች፤ ሁሉም ያውቃል። ከአስተርዮ በፊት ባለው ሳምንት እናቴ አጎቴን ጓሮ አግኝታ፣ “ዘንድሮ ጨዋታው ይቅር በል” አለችው።

“እኔ ልበል? ይመር ፈራ ይለኛል።”

አባቴንም ጠየቀችው። “ድርቅ መጣ ብለን ወግ እናፈርሳለን? ወንድምሽ ከፈራ እሱ ይናገር” አላት።

“ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ። ገለባ የምታበላው ግን እኔ ነኝ” ብላ ወደ በሬዎቹ ሄደች። ዳማ እጇን ሲልስ፣ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። ያን ቀን ጨዋታው ባይኖር ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰንጋ የሚታረደው አውራጁ ስለሚጠራው ነው። ጨዋታው ሲያበቃ የአሸናፊው አውራጅ ሽልማቱን በግጥም ይጠራል፣ ሰዉ ሦስት ጊዜ ይቀበለዋል፣ ተሸናፊው የተጠራውን ያመጣል። ከሰንጋ ሌላ የጠራ ኖሮ አያውቅም እንጂ መጥራት አይቻልም ያለ የለም። የአስተርዮ ዕለት ጠዋት አያ ሰይድ ስንቁን ሊወስድ ሲመጣ ግጥሙን በጆሮው ነገርኩት።

“ይህን ወንዶቹ ቢሰሙ በዱላ ይጨርሱኛል።”

“አይሰሙማ፣ አያ ሰይድ። እርስዎ አፍዎን ሲከፍቱ መቀበል ይጀምራሉ።”

ትንሽ አሰበና እስኪያስለው ሳቀ። “ወላሂ እውነትሽን ነው። አንድ ቀን እንኳ ሰምተውኝ አያውቁም።”

ስለዚህ ሁለቱን በሬዎች የሚያድነው የእኛ ማሸነፍ ብቻ ሆነ። ወግዲ ካሸነፈ የእነሱ አውራጅ ቦራን ይጠራል። በልጅነቴ አባቴ እንዲሸነፍ ከልቤ የጸለይኩት ያን ቀን ነው። እሱ ደግሞ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ሩሯን ከመሬት ሳያስለቅቅ እየገፋ በሦስት ሰው መሀል ያልፋል። መጀመሪያ እሱ አገባ። ከብዙ ትግል በኋላ እሸቱ መለሰ። አቧራው ምላሳችን ላይ ነበር፤ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ጎረምሶቹ የተመታ ጣታቸውን ይጠባሉ። ፀሐይ ልትገባ ስትል አባቴ ሩሯን ይዞ የእኛ ድንጋይ አጠገብ ደረሰ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲንጫጩ ስገልጥ አጎቴ መሬት ላይ ተንጋሎ ሩሯን በዱላው አንገት ይዟታል። ተነስቶ መታት። ባዶውን ሜዳ አቋርጣ እየተንከባለለች ሄዳ፣ ማንም ሳይደርስባት፣ ከወግዲ ድንጋይ አለፈች።

እልልታው ሳያባራ አያ ሰይድ መሀል ገባ። አባቴ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ ሩቅ፣ ዳማ ወደሚግጥበት ነው። አያ ሰይድ ጠራ፦

ያን በሬህን ተወው ሰኔ ይጠምደዋል፣
አንድ እፍኝ ሽንብራ የቱ ሆድ ይንቀዋል።

ወንዶቹ እየዘለሉ ተቀበሉት። ደገሙት። በሦስተኛው ላይ የአንዳንዱ እግር አየር ላይ የቀረ መሰለ፤ አፋቸው ግን ጨርሶት ነበር። መጀመሪያ የሳቁት የወግዲ ሰዎች ናቸው። አጎቴ አያ ሰይድን በነጠላው ያዘው።

“አንተ ሰይድ፣ ምንድን ነው ያልከው?”

“እኔ ምን አልኩ? እናንተ ናችሁ ያላችሁት።”

አጎቴ ነጠላውን ለቀቀው። ወደ አባቴ ዞረና “በል ሽንብራህን አምጣ፣ ርቦናል” አለው። እናቴ ቆልታ አመጣች። ለሰው ሁለት ሦስት ፍሬ ቢደርስ ነው። አጎቴ የደረሰውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ እዚያ ከተቀመጡት ልጆች ወደ አንዱ ሲሄድ አየሁት።

አባቴ ስለ ግጥሙ አልጠየቀኝም። ሰኔ ላይ ዝናብ ጣለ። ቁርስ ይዤለት ስሄድ ዳማና ቦራ ጎን ለጎን እየተገፉ ትልሙን ያወጣሉ፤ እሱ ከኋላ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሰው የሚሰማው ሳይመስለው፣ ግጥሜን ያንጎራጉር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለጻፍኩት ነገር እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው ገና ጨዋታ አልነበረም። ንጉሡ ወርደው ነበር። ሜዳው የስብሰባ ሜዳ ሆነ፤ ከሌላ አገር የመጡ አውራጆች መሀሉ ላይ ቆመው መፈክር ያወርዳሉ። የእኛ ሰዎች እንደለመዱት፣ ቃሉ ከአፍ ሳይወጣ ይቀበላሉ። ይውደም የተባለው ምን እንደሆነ አንድ ቀን አያ ሰይድ አጠገቡ ያለውን ሰው ሲጠይቅ፣ “ዝም ብለህ ተቀበል” አለው። በኋላም እዚያው ሜዳ ላይ ለጦር ዘመቻ የሚሄድ ሲጠየቅ አጎቴ እጃቸውን ካወጡት መሀል ነበር። ዱላውን ለእኔ ትቶ ሄደ። አልተመለሰም።

ዛሬ ወግዲና መካነ ሰላም ቢገጥሙ በኳስ ነው፤ ልጆቹ የየትም ተወላጅ ቢሆኑ ለተማሩበት ትምህርት ቤት ይጫወታሉ። መልካም ነው። እኔ ደሴ እየኖርኩ ግጥም እጽፋለሁ፤ ሳነብ ሰው ስንኙ ሳያልቅ ሲያጨበጭብ ግን ልቤ ይደነግጣል።

ዘንድሮ ለገና አባቴ መጥቶ ነበር። ሸምግሏል፤ ደረጃ ሲወጣ ያርፋል። ከመሀረቡ የተቆላ ሽንብራ አውጥቶ አካፈለኝ፤ ጥቂት ፍሬ ለብቻ ለየና ከበሩ ጀርባ፣ ዱላው ሥር አስቀመጠ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣

“አዲስ የጻፍሽው ካለ እስቲ አንብቢልኝ” አለኝ። “ቀስ ብለሽ ግን። ልስማው።”