የስመኘው ጉድጓድና ሙክቱ

ስመኘው የፍኖተ ሰላም ከተማ የጽዳትና ውበት ባለሙያ ነው። ጽዳቱን ይሞክራል፤ ውበቱን ግን አንድ ቀን መስታወት ካየ በኋላ ለሌላ ሰው ትቶታል።

ዘንድሮ ቤተሰብ ሁሉ የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ለይቶ ኮምፖስት እንዲያደርግ የሚያዝ ደንብ መጣ። እቅዱን ያወጣው እሱ ነው። አወጣ ስንል፣ በሥልጠና ላይ የሰጡትን እቅድ የከተማውን ስም ቀይሮ ነው። አፉም አላርፍ ብሎት በስብሰባ መካከል «መጀመሪያ የእኔን ጓሮ እዩ!» አለ። ከክልል የሚመጡት እንግዶች አይተው ካመኑበት ሥራው ይፈቀዳል፤ ከአትክልት ተራ ወጥቶ በመሪጌታ ወልደ ሥላሴ ደጃፍ የተከመረው ቆሻሻም ይነሣል። የቅኔ ተማሪዎቻቸው አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የሚማሩት። ስመኘውን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸውና ክምሩን ባየ ቁጥር ያፍራል። «ለፋሲካ ይነሣልዎታል፣ የኔታ» ብሎ ቃል ገብቷል።

ጓሮውን ቆፈረ። ለሚስቱ ለያምሮትም አረንጓዴ ባልዲ ገዝቶ፣ ልጣጩም አተላውም እዚያ እንዲገባ አዘዘ። ባልዲው ማታ ማታ ይሞላል፤ ጉድጓዱ ግን እንደተቆፈረ ቀረ። ስመኘው መጀመሪያ የጎረቤትን ዶሮዎች ጠረጠረ፤ ቀጥሎ ጅብ ነው ብሎ እሾህ ከመረበት። እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ያምሮት ላይ ጮኸ።

«ማነው ባልዲዬን የሚደፋው?»

«አንተው ነሃ!» አለች። «ጠዋት ጠዋት ለእንግዶቹ የምታቀርበውን ንግግር እያነበነብክ ለሙክቱ ትሰጠዋለህ። እኔማ ሥልጠናው ያስተማረህ መስሎኝ።»

ስመኘው ለፋሲካ ጓሮ ጥግ የታሰረውን በግ አየው። ላቱ መሬት ሊነካ ደርሷል። ቡሬ አጠገብ፣ አባቱ ቤት፣ ከብት የሚበላውን መድፋት ነውር ነበር። እጁ ይህን አልረሳም፤ የረሳው የሠለጠነው ጭንቅላቱ ነው።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ፤ መሪጌታም በትራቸውን ተመርኩዘው ተከተሏቸው። ስመኘው «በስብሶ አፈር ሆኗል» ብሎ ሊገላገል አሰበ። የመሪጌታን ፊት ሲያይ ግን ውሸቱን ተወው።

«ጉድጓዱ ባዶ ነው» አለ። «ኮምፖስቱ ያውላችሁ፣ ታስሮ ያመሰኳል።»

ሁሉም ሳቁ። የእንግዶቹ መሪ ወይዘሮ ውዳሴ ሳቋን ገታ አድርጋ «የሌላው ሰው ቤትስ?» አለች።

«ያው ነው። እዚህ አገር አተላ የሚደፋ ቤት የለም። እኔ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ የሚበሰብሰው ቆሻሻ የት ነው ያለው?»

በዚህ መካከል ከታች በኩል ነፋስ መጣ፤ እንግዶቹ አንድ በአንድ አፍንጫቸውን ያዙ። አፍንጫቸውን ያልያዙት መሪጌታ ብቻ ነበሩ፤ ለምደውታል።

«እኔ ቤት ነው ያለው፣ ልጆቼ» አሉ። «ጎራ በሉና እዩት።»

ስመኘው የሚገባበት ጠፋው። በየቀኑ በዚያ ክምር አጠገብ እያለፈ፣ ቆሻሻ ፍለጋ የሚስቱን ጓዳ ሲበረብር ነበር የከረመው። እንግዶቹ ክምሩን አይተው፣ ጉድጓዱ አትክልት ተራ ዳር እንዲቆፈር ተስማሙ።

በነጋታው ማንም ሳይቀድመው ተነሣ። ባልዲውን፣ አሁን እያወቀ፣ ለሙክቱ ገለበጠለት። ከዚያም አካፋውን ተሸክሞ ወደ የኔታ ደጅ ወረደ።