የወረፋ ድንጋይ

በስደት በምኖርበት ሰንራይዝ ማነር፣ የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ማሽኑን እንዳስነሳሁ አንዲት የሀገሬ ልጅ ከፓርኪንግ ተመለሰችና፣ «ጋሼ፣ ወረፋዬን እኮ በቅርጫቴ ይዤ ነበር!» አለችኝ። የሳሙናው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ የሰው ልብስ እያጠበች የምታሳድገኝ እናቴ ቀበሌ ሱቅ ደጅ የሳሙና ወረፋዋን በድንጋይ ትይዝ ነበር። አንድ ቀን፣ ስለ እኩልነት ሲናገር ሕዝቡን የሚያስጨበጭበው ካድሬ ድንጋይዋን በጫማው ገፍቶ ቀደማት። ሳሙናው እሷ ጋ ሳይደርስ አለቀ።

«አፉን ተወው፤ እግሩን እይ» አለችኝ።

እኔ ያለ አስተማሪ እንግሊዝኛ የተማርኩ፣ ስንት የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ብቻዬን የጨረስኩ፣ ስለ ፍትሕ ስከራከር ማንም የማይረታኝ ሰው ነኝ።

«አላየሁትም፣ ልጄ» አልኳት።

ቅርጫቷን በእግሬ ነበር የገፋሁት። ሸሚዞቼ አረፋው ውስጥ ይዞራሉ።