በአደራ አበባ ላይ የበቀለው ጸጉር

እኔና አባይነሽ ጎባ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ሠላሳ ዓመት ኖረናል። ከጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ጡረታ የወጣች፣ የተዋሰችውን ወንፊት ሳትመልስ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ሮቤ የምታስተምረው ተከራይዋ ሊሊ በመስከረም ለትምህርት ስትሄድ፣ የሟች እናቷን አበባ ለአባይነሽ በአደራ ሰጥታ፣ ለገና እንደምትመለስ ነገረቻት።

አበባው የቁልቋል ዘመድ ነው፤ እሾህ ግን የለውም። ጠፍጣፋ ቅጠሎቹ አንዱ ከሌላው ጫፍ እየተቀጠሉ ይወርዳሉ፤ በገና ሰሞን ጫፋቸው በቀይ ይፈካል።

ቁልቋል ውኃ አይወድም ብለን አባይነሽ አፈሩን አላጠጣችውም። በየማለዳው ግን ቅጠሎቹን ጠበል በነካ ጥጥ ታብሳለች። አፈሩ ፍግ ስላለበት ጠበሉ እንዳይነካው በጣም ትጠነቀቅ ነበር።

ኅዳር ሲያልቅ ጠራችኝ። ቅጠሎቹ ተጨማደዋል፤ በየመጋጠሚያቸው ቀላ ያለ፣ እንደ ሕፃን ጸጉር የቀጠነ ነገር በቅሏል። እሷ ትል ነው አለች፤ እኔ በሽታ ነው፣ ሳይዛመት ይቆረጥ አልኩ። መቀሴን አመጣሁላት። ሦስት ቅጠል እንደቆረጠች መቀሱን መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲያ ምሳዋን እንኳ በወጉ አልበላችም፤ የሙት አደራ አጠፋሁ እያለች አበባው ካለበት መስኮት አትርቅም።

ችግኝ የሚያፈላውን ገዳን ለምኜ አመጣሁት። ጸጉሩን በጣቱ ነካ፣ አፈሩን ቧጠጠና ሳቀ።

«እማማ፣ ይሄ ሥር ነው። ከታች ቢሻን፣ ውኃ ስታጣ ከላይ እየፈለገች ነው። ይቺ የጫካ ልጅ ናት፣ የበረሃ አይደለችም። ውኃውን ለአፈሩ ይስጡ።»

አባይነሽ አልሳቀችም። የቆረጠቻቸውን ሦስቱን በቆርቆሮ ተከለችና አፈሩን ማጠጣት ጀመረች። እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ እንቡጦች ብቅ አሉ፤ ግማሾቹ ረገፉ። የቀሩትን ጠዋት ማታ ትቆጥራለች።

በገና ዋዜማ ሊሊ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አባይነሽ ሳትስማት፣

«ሦስቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለቻት።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። እንደዚያም ሆኖ፣ «መቀሱ የኔ ነው» አልኩ።

ሊሊ ሁለታችንንም አየችና ወደ መስኮቱ አለፈች። ፈክታ የነበረችው አንዲት አበባ ብቻ ነበረች። ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ዳሰሰችው።

«እማማ አባይነሽ፣ ዛሬ ጠጥታለች?» አለች።