በከራቫት ቤዝቦል የቀለብኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄጄ በቤዝቦል ኳስ ግንባሬን ተመትቼ ተመለስኩ... ሳቃችሁን ያዙና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ሊያበቃ ሁለት ወር ነው የቀረው። ኮንትራቶ፣ የተፈረመ ውል፣ ያለው ሥራ ካላገኘሁ እድሳቱ ጣጣ ነው። ይህን የሚያውቀው ጓደኛዬ ሀብቴ፣ እዚህ ሮም ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ ስልክ የሚጠግነው፣ ሰኞ ዕለት ደወለልኝ።

«ሥራ ተገኘ! አንዷ ደንበኛዬ የምትሠራበት ክለብ በአስቸኳይ ሪቼቪቶሬ ይፈልጋል።»

«ሪቼቪቶሬ ምንድን ነው?»

«ሪቼቬሬ መቀበል አይደል? እንግዳ ተቀባይ ነዋ! ያንተው ሙያ!»

እውነቱን ነው፤ ሀዋሳ እያለሁ አራት ዓመት ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ከራቫት አስሬ፣ በሜትሮና በሁለት አውቶቡስ ከተማው ዳር ደረስኩ። ሆቴል የሚመስል ነገር የለም... አጥር፣ ሰፊ ሣር፣ በሩ ላይ ደግሞ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ሴትዮ። የክለቡ ጸሐፊ ናት፤ ሲኞራ ሎሬዳና ትባላለች።

«ሪቼቪቶሬው አንተ ነህ?»

«አዎ ሲኞራ!»

«ተመስገን! ልምድ አለህ?»

«አራት ዓመት። ሀዋሳ።»

«አሃ፣ ሀዋሳ» አለች፣ አገሩን እንደሚያውቅ ሰው። «በቀን ስንት ትቀበላለህ?»

«በዓል ከሆነ መቶም እቀበላለሁ።»

«መቶ! አስቸጋሪዎቹስ?»

«አስቸጋሪዎቹ ሰክረው የሚመጡት ናቸው። ወዴት እንደሚታጠፉ አይታወቅም።»

በሳቅ ፈረሰች። «የሚያመልጥህስ የለም?»

«እስከ ዛሬ አንድም አምልጦኝ አያውቅም።»

እጄን ይዛ እየጎተተች አስገባችኝ። ከዚያ ሁለት ሰዎች መጥተው ፊቴ ላይ የብረት ጭምብል፣ ደረቴና ቅልጥሜ ላይ መከላከያ፣ ግራ እጄ ላይ ትራስ የሚያህል ጓንት አጠለቁልኝ። በሆዴ «ሮም ውስጥ እንግዳ መቀበል እንዲህ አደገኛ ነው እንዴ?» እላለሁ። ግን አልጠየቅኩም። ሥራ ፈላጊ ጥያቄ አያበዛም።

«ቁጢጥ በል» አሉኝ። ቁጢጥ አልኩ።

ፊት ለፊቴ ጢሙ የሸበተ ግዙፍ ሰውዬ ቆሟል። ማውሮ ይባላል። ኋላ እንደነገሩኝ ላንቻቶሬ ነው፤ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ማለት ነው። ጣልያን፣ ኔዘርላንድ፣ ጀርመን፣ ቼክ እየተዘዋወረ ሃያ ዓመት ሲወረውር ኖሯል። በአውሮፓ ሻምፒዮናም ለአገሩ ተሰልፏል። አሁን አርባ አንድ ዓመት ሞልቶት ትከሻውም ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ መግባት ይፈልጋል። የቡድኑ መራጭ ሊፈትነው የሚመጣው ደግሞ የዚያኑ ዕለት ነው። የማውሮን ኳስ የሚቀልበው ተጫዋች ግን አውራ ጣቱን ተሰብሮ ቀርቷል። ሪቼቪቶሬ ማለት ለካ ኳስ ቀላቢ ኖሯል!

ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማየው ሰውዬው አንድ እግሩን አንስቶ ክንዱን እንደ ወንጭፍ ሲያዞረው ብቻ ነው።

ኳሱን አላየሁትም፤ ሰማሁት... ፊሽሽ! ብሎ በጆሮዬ ሥር አለፈ። ሁለተኛው ጭምብሉን ግንባሬ ላይ አገኘው። በጀርባዬ ተዘረርኩ።

ማውሮ እየሮጠ መጣ። «ቤዝቦል ተጫውተህ ታውቃለህ?»

«የምን ቤዝቦል? እኔ የሆቴል ሰው ነኝ!»

ሲኞራ ሎሬዳና ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ? የታየኝ ሥራዬ ሲበር ነው። ጓንቱን ማውለቅ ጀመርኩ።

ያልሳቀው ማውሮ ብቻ ነበር። አጠገቤ ቁጭ አለ።

«መጀመሪያ ኔዘርላንድ ስሄድ ቋንቋ አልችልም ነበር» አለኝ። «ሜዳ ተሳስቼ ሳምንት ሙሉ ከሌላ ቡድን ጋር ተለማመድኩ።»

«ማንም አልነገረዎትም?»

«ጥሩ እወረውር ነበራ! ዝም አሉኝ።»

ይህን እያወራን የመራጩ መኪና በሩ ላይ ቆመች። የማውሮ ፊት ተለዋወጠ። ሌላ ቀላቢ የለም።

«ስማኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምንም አትቅለብ። ጓንቱን ዘርጋ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ እንዳትነቃነቅ። ኳሱን ጓንቱ ውስጥ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ቫ ቤኔ፣ ተስማማን?»

ምኑ ነው ቫ ቤኔው! ግን ሲነሳ መዳፉን በሸሚዙ ጫፍ ደጋግሞ ሲጠርግ አየሁት። ሃያ ዓመት የወረወረ ሰው እንደ እኔው ቃለ መጠይቅ ፈርቷል። አንጀቴን በላው... ተመልሼ ቁጢጥ አልኩ።

ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይ ጀመርኩ። ጧ! ጓንቱ ውስጥ። ጧ! ጧ! መዳፌ ይንገበገባል፣ ጓንቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ጸሎቱን ስድስት ጊዜ ጨርሼ ሰባተኛው መሃል ላይ የመራጩን «ባስታ! በቃ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መራጩ ማውሮን ጨበጠው። «ትከሻህ ደህና ነው። ከእኛ ጋር ትሄዳለህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እንዲህ የተረጋጋ ቀላቢ በዕድሜዬ አላየሁም! ከየት አመጣችሁት?»

«ከሀዋሳ!» አለች ሲኞራ ሎሬዳና ኮራ ብላ።

ማውሮ እንደ ሕፃን አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። ጢሙ በእንባ ርሷል፤ ወይ ላብ ነው፣ አላጣራሁም።

ክለቡ እንግዳ መቀበያ የሚባል ነገር የለውም። ሣር አጫጁ ግን ጡረታ ወጥቶ ኖሯል፤ ሐሙስ ዕለት በእሱ ቦታ የስድስት ወር ኮንትራቶ ፈረምኩ። ደግነቱ የምፈርመው በቀኝ እጄ ነው፤ ግራው አብጦ ዳቦ መስሏል።

እሑድ የመጀመሪያዬን ጨዋታ ከዳር ሆኜ አየሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሰው ሲነሳ እነሳለሁ፣ ሰው ዳኛውን ሲሰድብ አብሬ እሰድባለሁ... ሕጉ እስካሁን ባይገባኝም ጣልያንኛዬ ግን በጣም እየተሻሻለ ነው።