ሮም የገባው ቀይ ጃንጥላ

ባለፈው ሰመር ነው። ሮም ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ «ምን አየሽ?» ይለኛል። የሥራ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ስለ ፏፏቴው፣ ስለ አይስክሬሙና ስለ ጫማው ነው። እኔ ግን ሮም በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ልጄ ሳሮን ከተወለደችበት ቀን ነው። ያለ ጊዜዋ መጣች፤ ትተርፋለች ያለ ሰው አልነበረም። እማዬ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ገና መምጣቷ ነበር። ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብላ «ይህ ከተማ በማን ስም ነው የተሰየመው?» አለችኝ። «ሴይንት ፖል ነው የሚባለው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ስም» አልኳት። «እንግዲያው ባለቤቱን ልለምን» አለችና ተሳለች። ልጅቷ ከተረፈች መቃብሩ ድረስ ሄዳ ጃንጥላ ልታስገባለት። መቃብሩ ደግሞ ያለው ሮም ነው።

ሳሮን ተረፈች። ዛሬ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ምላሰኛ ሆናለች። እማዬም በዚያው ከእኛ ጋር፣ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈራችን ቀረች። ስለቷ ግን ሐምሌ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳታል። አንድ ጎረቤታችን «እማማ፣ እዚሁ ላለው ቤተ ክርስቲያን ቢሰጡትስ? ያው ጳውሎስ ነው» ቢላት፣ «አንተ ለአበበ የተላክኸውን ለከበደ ታደርሳለህ?» ብላ ኩም አደረገችው።

በመጨረሻ ቫኬሽኔን አጠራቅሜ፣ ለሐምሌ አምስቱ የጳውሎስ በዓል እንድንደርስ ቲኬት ቆረጥኩ። ጃንጥላው ከአዲስ አበባ በሰው መጣ። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው፣ ታቦት ሲወጣ የሚያዘው ዓይነት። «እማዬ፣ ሮም እኮ እንዲህ ያለ ጃንጥላ ምን እንደሆነ አያውቁም» ብላት፣ «እነሱ ባያውቁ ጳውሎስ ያውቃል» አለችኝ። ሻንጣ ውስጥ አልገባም ስላለ በእጅ ያዝነው።

መኪናችን ጋራዥ ነበረች፤ በትሬን ሄድን። ሰው ሁሉ ያየናል። ሳሮን የሁዲዋን ቆብ ፊቷ ላይ ጎትታ «ማም፣ ኤቭሪዋን ኢዝ ሉኪንግ!» ትላለች። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንድ አጠር ያሉ ሽማግሌ ግን ፈገግ ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁን። ሰፈራችን ውስጥ ከሚኖሩት፣ ከላኦስ ከመጡት ሞንግ የሚባሉ ሰዎች አንዱ ናቸው። እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ ባላት እንግሊዝኛ «ሮም! ሴይንት ፖል! ፕሮሚስ!» አለቻቸው። ሽማግሌው ጃንጥላውን ትክ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

አጠገባችን ያለችው ሚኒያፖሊስ፣ ዳውንታውን ስንደርስ ወርደን ሌላ ትሬን መያዝ ነበረብን። እኔ ደግሞ ስቸኩል አያድርስ ነው። «ቶሎ በሉ! በሩ ሊዘጋ ነው!» እያልኩ አዋከብኳቸው። ኤርፖርት ደርሰን ሻንጣ ለማስረከብ ስንሰለፍ እማዬ «ጃንጥላውስ?» አለች። ለካ እኔ እሷ የያዘች፣ እሷ እኔ የያዝኩ መስሎን ኖሯል።

ኧረ ጉዴ! ክው አልኩ። ለትሬኑ መሥሪያ ቤት ብደውል፣ የተረሳ ዕቃ ተሰብስቦ ቢሮ እስኪገባ ጊዜ እንደሚፈልግ ነገሩኝ። እማዬ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች።

«እናንተ ሂዱ፤ እኔ አልሄድም።»

«እማዬ፣ በዓሉ ያልፋል እኮ! ስንት ዓመት የጠበቅሽውን!»

«ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልበለው? እሱ ልጅቷን ሙሉ አድርጎ ሰጠኝ፤ እኔ ያንተን ትሬን ላይ ረሳሁት ልበለው?» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔም ነደደኝ፤ በራሴ ነው የነደደኝ። ምን አስቸኮለኝ?

ክንዷን ይዤ ላስነሳት ስታገል ድንገት ቀና አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ዞር ብዬ አየሁ። ከሰው ጭንቅላት በላይ ቀዩ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ዘርፉ እየተወዛወዘ ወደ እኛ ይመጣል። ጥምቀት እንጂ ኤርፖርት አይመስልም ነበር። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው! ፖሊሱ ዞረ፣ ሰልፈኛው ዞረ። ሳሮን እንኳ ማፈሯን ረስታ ታጨበጭባለች።

ከጃንጥላው ሥር ያሉት እኚያ ሽማግሌ ነበሩ። ላብ በላብ ሆነዋል። ወንበሩ ላይ ረስተነው የወረድነውን አንስተው፣ መንገዳቸውን ትተው ተከትለውን መጥተው፣ በየትኛው አውሮፕላን እንደምንሄድ ስላላወቁ ከሰልፍ ሰልፍ ሲዞሩ ቆይተዋል። «እኔ አጭር ነኝ፤ እኔን አታዩኝም። እሱን ግን ታያላችሁ ብዬ ዘረጋሁት» አሉኝ።

እማዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ሁለት እጇን ያዙና እንዲህ አሉ፤ «እናቴም ቃል ነበረባት። ከላኦስ ሸሽተን የድንበሩን ወንዝ ስንሻገር፣ ልጆቼ ከተረፉ ብላ ተስላ ነበር። ተርፈናል። እሷ ግን ተመልሳ ሳታደርስ እዚሁ ሞተች። የናንተን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።»

ተረጎምኩላት። እማዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «የእናቱን ስም ጠይቂልኝ» አለች። እሷ ለሰው ስትጸልይ ስም ካልያዘች አይሆንላትም።

«ማይ» አሉ ሽማግሌው።

«ማይ» አለች እማዬ እንዳይጠፋት ደጋግማ። «ወንድሜ፣ እግዜር ውለታህን ይክፈልህ።» ተራችን ደርሶ ስለነበር በጥድፊያ ተለያየን። የሳቸውን ስምና ስልክ አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ አውሮፕላን ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጅልነት!

ሮም ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጎርፍለትን ያን ታላቅ ፍርስራሽ ባሳያት፣ «ምነው እስካሁን ሳያድሱት?» ብላ አለፈችው። በበዓሉ ቀን ከጳውሎስ ደጅ ቆምን። እማዬ ግቢው ውስጥ ጃንጥላውን ዘረጋች፣ ሳሮንን ከሥሩ አስገባች፣ ጸሎቷን አደረሰች። ጨረሰች ስል እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የማይን ስለትም አብረህ ተቀበል፤ ጃንጥላው የሁለታችን ነው» ስትል ሰማኋት። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። አንድ መነኩሴ ነገሩ ባይገባውም ጃንጥላውን በሁለት እጁ ተቀበላት።

ከተመለስን ወዲህ እማዬ ትሬን በተሳፈረች ቁጥር የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ታያለች። እኔም እንደሷ ሆኛለሁ። እስካሁን አላገኘናቸውም። ውለታቸው ግን ከልቤ አይወጣም፤ እማዬ ዛሬ እፎይ ብላ የምትተኛው በእሳቸው ነው።

እናንተ ትሬኑ በሚያልፍበት በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ የምትመላለሱ፣ አንድ አጠር ያሉ፣ የእናታቸው ስም ማይ የሆነ ሽማግሌ ካጋጠሟችሁ፣ አደራችሁን፣ «የእናትዎ ስለት ሮም ገብቷል» በሉልኝ።