ጋሼ ደምሴ የበየዷት መርከብ

ልጅ ሳለሁ ሌሎች ልጆች ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ ሲነገራቸው፣ እኔ የማውቀው ተረት ስለ መርከብ ብቻ ነበር። ተረቱን የሚነግሩኝ ጋሼ ደምሴ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት አፓርትመንት ከእኛ በር ፊት ለፊት ነበር የሚኖሩት። እማዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ሥራ ከሰዓት በኋላ ገብታ ማታ ስለምትወጣ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እስክትመጣ የምቆየው እሳቸው ዘንድ ነበር።

ጋሼ ደምሴ በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ። ለትምህርት ውጭ ሳሉ አገር ቤት ተበጠበጠና ሳይመለሱ ቀሩ፤ ዞረው ዞረው ፊንላንድ ገቡ። እዚያ የመርከብ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ሆነው ብዙ ዓመት ሠሩ፤ አገቡ፤ ሊዲያ የምትባል ልጅ ወለዱ። በኋላ ትዳሩም ፈረሰ፣ ፋብሪካውም ከሰረ። እሳቸው እህታቸው ወደነበረችበት አሜሪካ ሲመጡ ልጅቷ ከእናቷ ጋር እዚያው ቀረች። ያኔ ይህን ሁሉ እንዲህ አሰካክቼ አላውቀውም ነበር፤ ከተረቱ መሃል እየተንጠባጠበ የደረሰኝ ነው።

በብርዱ ወራት ቀኑ ሲያጥር ጋሼ የቤቱን መብራት ያጠፉና መስኮቱ ላይ አንዲት ሻማ ያበራሉ። እዚያ አገር ፀሐይ ገና በከሰዓት ስለምትጠልቅ ሰዉ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ይሉኝ ነበር። ከዚያ ሊዲያ በፖስታ ከምትልክላቸው ጥቁር ከረሜላ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለራሳቸው ያወጣሉ። ከረሜላው ከሬንጅ የተሠራ ይመስል ጭስ ጭስ ይሸታል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በበጋ አዲስ የተነጠፈ አስፋልት የላስሁ ይመስለኝ ነበር። ፊቴን ሳጨማድድ፣ «ዋጥ አርጊው፣ የሠራተኛ ከረሜላ ነው!» ብለው ይስቁብኛል።

«መርከብ መጣች» ይላሉ።

«ከየት?» እላለሁ።

«ከወንዙ አፍ» ይላሉ፤ ተረቱም ይጀመራል።

ፋብሪካው መጀመሪያ በወንዝ አፍ ላይ የተሰበሰቡ አናጢዎች ደጅ ነበር። እንጨት እየጠረቡ፣ ውሃ እንዳይገባው በፈላ ሬንጅ እየቀቡ፣ ሸራ የተወጠረባቸው መርከቦች ይሠሩ ነበር። ቆይቶ ብረት መጣ፤ ከዚያ ጦርነት መጣ። አገሪቱ ተሸንፋ ለአሸናፊው ካሣ በመርከብ እንድትከፍል ሲፈረድባት፣ እነዚያ ሠራተኞች የማያውቁትን ሥራ ቀን ከሌት እየሠሩ ተማሩት። ካሣው ሲያልቅ ሙያው እጃቸው ላይ ቀረ። ከዚያ በረዶ እየሰበረ መንገድ የሚከፍት መርከብ ሠሩ፤ ከዚያም ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ጣሪያውን እያሳዩ የሚነግሩኝን፣ ምግብ ቤትና መዋኛ፣ የልጆች መጫወቻም ያለባቸውን ነጫጭ የመንገደኛ መርከቦች ሠሩ። ብየዳው የሚረጨውን ፍም ሲያወሩ ዓይኖቻቸውን ጠበብ ያደርጓቸው ነበር። አንገታቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ያተረፉት ከዚያ ፍም ነው።

ፋብሪካው የከሰረበት ቀን ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሠራተኛው ጠዋት እንደ ልማዱ ቢመጣ በሩ ተዘግቷል፤ በአጥሩ በኩል የምትታየው መርከብ ግማሽ ጎኗ ብረት ለብሶ፣ ግማሹ አጥንቱ ወጥቶ ቆማለች። ከጊዜ በኋላ ሌሎች ፋብሪካውን ገዝተው፣ ስሙን ለውጠው መርከቧን ጨርሰዋታል። ጋሼ ግን ያኔ አገሩን ለቀው ነበር። ጀምረው ያልጨረሷት ሥራ እሷ ብቻ እንደሆነች ይናገሩ ነበር፤ እኔ ግን ስለ መርከቧ ብቻ የሚያወሩ አይመስለኝም ነበር።

እኔ የምወደው ስም የሚወጣበትን ክፍል ነው። የመጀመሪያው ብረት ሲቀመጥ ከሥሩ ሳንቲም ይደረጋል፤ መርከቧ ተሠርታ ስታልቅ ደግሞ ስም የምታወጣላት ሴት ትመረጣለች።

«ሺ ሃዝ ኤ ጋድማዘር?» አልኳቸው አንዴ።

«የክርስትና እናት? አለቻት እንጂ! ቄሱ ብቻ ነው የጎደለው።»

ስሙን በቀለም ብቻ አይጽፉትም፤ ፊደሉ መጀመሪያ ብረቱ ላይ ይበየዳል። መርከቧ ተሸጣ ሌላ ስም ቢሰጣት እንኳ የድሮው ስም ከቀለሙ ሥር በእጅ ይዳሰሳል። የአንዲት መርከብ ስም የጋሼ ደምሴ የእጅ ሥራ ነው። ያች መርከብ አርጅታም ማታ ከፊንላንድ ተነሥታ ጠዋት ስዊድን ትደርስ ነበር፤ ኩሽናዋ ውስጥ ደግሞ ሊዲያ ወጥ ቤት ሆና ትሠራ ነበር። አባትየው ልጃቸውን ካዩ ረጅም ጊዜ ሆኗቸዋል፤ እሑድ እሑድ ብቻ ትደውልላቸዋለች።

ስለዚህ ተረቱ ሁልጊዜ የሚያልቀው በእኔ ጥያቄ ነበር። «ሊዲያስ?» እላለሁ። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው፣ «አሁን ለጠዋት ቁርስ የሚሆን ዓሣ እያወጣች ነው» ይላሉ። ደስ ያላቸው ቀን፣ «ፈረንጆቹን ሽሮ አብልታ እያስለቀሰቻቸው ነው» ብለው ያስቁኛል። ከዚያ ስለ ጉዟቸው ይነግሩኛል፤ ወረቀታቸውም ትኬታቸውም አልቆላቸዋል። «ሰመር ላይ እሄዳለሁ። የበየድኳት መርከብ ላይ ቁጭ ብዬ ልጄ የሠራችውን እበላለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እፈልጋለሁ?»

አንድ ማክሰኞ የሊዲያ ባል ለእማዬ ደወለላት። ፊንላንዳዊ ነው፤ ከዚያ በፊት አነጋግራው አታውቅም። ሊዲያ ሥራ ላይ ድንገት ወድቃ ሳትነቃ ቀርታለች። ሰውዬው ለእኛ የደወለው ሊዲያ ራሷ፣ «እኔ አንድ ነገር ብሆን አባቴን በስልክ እንዳትነግረው፤ የእኛ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚያረዳው» ብላ የእማዬን ቁጥር ሰጥታው ስለነበር ነው። እማዬ ድምፅዋ ኮሪደሩን አልፎ እንዳይሰማ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ለጋሼ ምንም እንዳትዪ። ስሟንም እንዳታነሺ።»

«ባት ዋይ? ሂ ኢዝ ኸር ዳድ!»

«አባቷ ስለሆኑ ነዋ! ብቻቸውን ናቸው፣ ልባቸው ደካማ ነው። ሰው ሳይሰበሰብ አይነገርም።»

ሰው መሰብሰቡ ግን ቀላል አልነበረም። አንዷ ደብል ሺፍት ናት፤ አንዱ ኦፍ አልሰጡኝም አለ። ከእኛ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት የጋሼ የባሕር ኃይል ጓደኛ አቶ ታደሰ፣ አርጅተውም ታክሲ የሚነዱት፣ መርዶውን እኔ እነግረዋለሁ አሉ፤ ቀኑም ለቅዳሜ ንጋት ተቆረጠ። እሑድ ደግሞ የሊዲያ የስልክ ቀን ነው፤ ከዚያ ማለፍ አይቻልም።

እሮብ እንደ ወትሮው ጋሼ ዘንድ ገባሁ። እማዬ፣ «ብትቀሪ ይጠረጥራሉ» ብላኝ ነበር። ሻማው በራ፤ ከረሜላው ወጣ። መርከብ መጣች፣ ከየት አልኩ፣ አናጢዎቹ እንጨታቸውን ጠረቡ። ያን ቀን ተረቱ ቢረዝም እያልኩ ነበር የምሰማው፤ መጨረሻው እንዳይደርስ እፈራ ነበር። ደረሰ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጥያቄዬን ጠበቁ። እኔ ሻማውን አየሁ።

«ዛሬ አትጠይቂኝም?» አሉኝ።

«አይም ስሊፒ» አልኩ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡልኝና ሌላ ቀን የማይነግሩኝን ነገር ቀስ ብለው ይነግሩኝ ጀመር፤ መርከቧ ጠዋት ወደብ ስትደርስ ሞተሩ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ መንገደኛው በየክፍሉ እንደተኛ ገመዱ እንዴት እንደሚወረወር፣ መድረሷን ማንም ሳይሰማ እንዴት እንደምትቆም። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔም ምንም እንዳልጠረጠሩ እርግጠኛ ሆኜ ተኛሁ።

ሐሙስና ዓርብም እንደዚያው አለፉ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሰዉ ጥቁር ነጠላውን እየደረበ ደረጃው ላይ ተሰበሰበ። እማዬ እኔን የምትተውበት ሰው ስላልነበራት እጄን ይዛኝ ነበር። አቶ ታደሰ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ገርበብ ብሎ አገኙት።

ውስጥ መብራቱ ሁሉ በርቷል። ከሕንጻው አዳራሽ የመጡ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። ጋሼ ደምሴ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መሃል ቆመዋል። እሳቸውም ስንቱን ሰው ንጋት ላይ ሄደው አርድተዋል፤ የእኛ ሰው ዕረፍት የሚያገኘው ቅዳሜ መሆኑን ያውቃሉ።

«ግቡ፣ ብርድ ነው» አሉ። «ወንበሩ ይበቃል መሰለኝ።»

ሰዉ ገብቶ ቆመ፤ የተቀመጠ የለም። አቶ ታደሰ፣ «ደምሴ ወንድሜ…» ብለው ጀመሩና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«አትቸገር፣ ታደሰ» አሉ ጋሼ። «ብቻ እስቲ ስሟን ጥሩልኝ። ሰሞኑን ስሟን የሚጠራልኝ ሰው አጣሁ።»

ያኔ እማዬ እጄን ለቀቀችና፣ «ሊዲያዬ!» ብላ ጮኸች፤ ቤቱም ጮኸ። ጋሼ ደምሴ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ወደቁ። ሽማግሌ እንዲያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ሰዉ ትንሽ ሲረጋ ጠርተው ጉልበታቸው አጠገብ አስቀመጡኝ። «እሮብ ነው ያወቅሁት» አሉኝ በጆሮዬ። «አንቺ ስለ ሊዲያ ሳትጠይቂኝ የሄድሽበት ቀን የለም።»

«ታዲያ ተረቱን ለምን ቀጠሉ?»

«እንቅልፌ መጣ ብለሽኝ የለ? ሳልጨርስ ልተውሽ ኖሯል?»

ለቀብሯ ሄደው ተመለሱ። የያዙት የሰመር ትኬት ሳይሠራበት ቀረ፤ መርከቧ ላይ መውጣት እንዳቃታቸው ለእማዬ ነግረዋታል። ከዚያ በኋላ ስለ መርከብ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ዛሬ በሕይወት የሉም። መርከቧ ተሸጣ በሌላ ስም በሌላ ባሕር እንደምትሄድ ሰምቻለሁ።

እኔ አሁን የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። እማዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ እየደወለች ማን እንደወለደ፣ ማን ሥራ እንደለወጠ፣ የማን ጉልበት እንደታመመ በየተራ ትነግረኛለች። እኔ የማዳምጠው ግን ስሙን ሳትጠራ የዘለለችውን ሰው ነው። አንድ ስም የጎደለ ሲመስለኝ፣ «እሷስ ደኅና ናት?» ብዬ እጠይቃታለሁ። ትንሽ ዝም ካለች ስልኩን ጆሮዬ ላይ እጫናለሁ፤ ከዚያ፣ «ደኅና ናት፣ ምን ትሆናለች ብለሽ ነው?» ትለኛለች። እኔ ያችን ዝምታ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልችላትም። ጋሼ ደምሴ ግን ከእሮብ እስከ ቅዳሜ፣ ወንበር እየደረደሩ፣ ብቻቸውን ኖሩባት።